አምስት ጊዜ ሲቪ ያሠራሁባት የቱሉ ዲምቱዋ ጽሕፈት ቤት

ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ወደ ኮንዶሚኒየሙ ስትገቡ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚሸጥባቸውን የላስቲክ ዳሶች አለፍ ብላችሁ፣ ምድር ላይ ካሉት ሱቆች መሀል አንዲት ጠባብ ቤት አለች። ስም የላትም። በሩ ላይ በቀይ ቀለም «ኮፒ፣ ፕሪንት፣ ስካን፣ ሲቪ፣ ማመልከቻ» ተብሎ ተጽፏል። በቃ። የሰፈሩ ሰው «ጋሼ ጋ» ነው የሚላት። ባለቤቱ ስማቸው እንዲወጣ ስላልፈለጉ እኔም ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ስለዚች ቤት ልጻፍ ልጻፍ ስል ቆይቻለሁ። ስለ ኮፒ ቤት ምን ይጻፋል ትሉ ይሆናል። እኔ ግን ከሐምሌ 2015 ጀምሮ አምስት ጊዜ ሲቪ አሠርቼባታለሁ። አምስቱም ጊዜ ሆዴን እያመመኝ ነው የገባሁት። ሥራ የፈለገ ሰው ያውቀዋል።

ዋጋውን ላስቀድም። ኮፒ በገጽ 5 ብር ነው። ስካን 10 ብር። ሲቪ ከነማመልከቻው አስጽፎ ሁለት ሁለት ቅጂ ለማውጣት 200 ብር ይጠይቃሉ። አደባባዩ ጋ ካሉት ቤቶች ትንሽ ይወደዳል። ቴሌብር ይቀበላሉ።

ጭማሪው ግን ይገባቸዋል። ጋሼ ማንኛውንም ወረቀት ከማተማቸው በፊት ባለቤቱን ያስነብባሉ። ስክሪኑን ወደ እናንተ ያዞሩና «ስምሽን አንብቢልኝ» ይላሉ። ቀጥሎ ስልክ። ቁጥር በቁጥር፣ ጮክ ተብሎ። እናንተ ስትጠሩ እሳቸው በእርሳስ ጫፍ ስክሪኑን እየነኩ ይከተላሉ። ከኋላ የተሰለፈው ሰው ያጉረመርማል። ጋሼ ግን ቀና ብለው እንኳ አያዩም።

የመጀመሪያ ቀን እኔም ተናድጄ ነበር። ሲቪዬን ድሮ መሥሪያ ቤቴ ሆኜ ራሴ አዘጋጅቼ፣ በፍላሽ ይዤ ነው የሄድኩት። ሁለት ገጽ አትሙልኝ ነው ያልኩት። «ግዴለም፣ አንብቢ» አሉኝ። አነበብኩ። አምስተኛው ቁጥር ላይ ስደርስ እርሳሳቸው ቆመ። እኔ ሰባት አልኩ። ስክሪኑ ላይ ያለው አንድ ነው።

ያንን ሲቪ ለ11 ቦታ ልኬው ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስልኬን ትራስ ሥር አድርጌ እየተኛሁ፣ «ጌታ ሆይ፣ ምነው ዝም አልከኝ?» እያልኩ ነበር የከረምኩት። ደውለው ያጡኝ ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም። እዚያው ቆሜ እንባዬ መጣ። ጋሼ ምንም አላሉም። ቁጥሩን አስተካከሉና «አሁን ከላይ ጀምረሽ እንደገና አንብቢ» አሉ።

ስምም እንደዚያው ነው። በአማርኛ አንድ የሆነ ስም በእንግሊዝኛ ሦስት ዓይነት ይጻፋል። ቴምፖዬ (ጊዜያዊ የዲግሪ ማስረጃዬ) ላይ ያለውና ፋይዳ መታወቂያዬ ላይ ያለው በአንድ ፊደል ይለያያሉ። ጋሼ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው ይህንን ያዩት ገና በመጀመሪያው ቀን ነው። «ሥራውን ካገኘሽ በኋላ ነው ይሄ የሚያስለቅስሽ» አሉኝ።

የአማርኛ ማመልከቻ ከሆነ ደግሞ በፒዲኤፍ ቀይረው በቴሌግራም ይልኩላችኋል። በድሮ የግዕዝ ፕሮግራም የተጻፈ ደብዳቤ ፊደሉ ያልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ብቻ ይሆናል። ይህንን ሳላውቅ ስንት ማመልከቻ እንደላክሁ እግዜር ይወቀው።

ጋሼ ጋ እንዴት እንደደረስኩ ካልነገርኳችሁ ቀሪው አይገባችሁም።

በአካውንቲንግ የተመረቅኩት በ2009 ነው፤ የመውጫ ፈተና ከመጀመሩ በፊት። ቃሊቲ አካባቢ አንድ ድርጅት ውስጥ የስቶር ሒሳብ ስሠራ አምስት ዓመት ቆየሁ። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ግን በወሩ መጨረሻ ይገባል። በ2015 ፋሲካ ካለፈ በኋላ አንድ ትልቅ ድርጅት በሰው በሰው አስጠራኝ። ቃለ መጠይቅ አደረግሁ። ደመወዙ ከእጥፍ በላይ ነው። «ሰኔ መጨረሻ ትጀምሪያለሽ፤ ውሉን ስትመጪ ትፈርሚያለሽ» አሉኝ።

ለሁሉም ሰው ተናገርኩ። የጽዋ ማኅበራችን ላይ ተነሥቼ «እግዚአብሔር በር ከፈተልኝ» ብዬ መሰከርኩ። እልልታ ቀለጠ። ለቀድሞ መሥሪያ ቤቴ ሕጉ የሚጠይቀውን የ30 ቀን ማስታወቂያ ሰጠሁ። ክሊራንስ ጨረስኩ። ባልደረቦቼ ቡና አፍልተው ሸኙኝ።

በቀጠሮው ቀን ሄድኩ። የሰው ኃይሏ ልጅ ከወንበሯ ሳትነሣ «ቅጥር ታግዷል፤ ሲለቀቅ እንደውላለን» አለችኝ። እስከ ዛሬ አልደወሉም።

ከሁሉ ያሳፈረኝ ሥራ ማጣቴ አልነበረም። መመስከሬ ነበር። የእግዚአብሔርን ስም ጠርቼ፣ ያልተፈረመ ወረቀት ላይ «እሱ ነው የሰጠኝ» ብዬ ነበር። ሳይፈጸም ሲቀር የዋሸሁ መሰለኝ። ከዚያም አለፍ ብሎ፣ እሱ የዋሸኝ መሰለኝ። ይህንን መጻፍ ይከብደኛል፤ ግን እውነቱ እሱ ነው። ለሁለት ወር ያህል ማኅበር አልሄድኩም። እሑድ ጠዋት ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ ሲሰማ ብርድ ልብስ ተከናንቤ እተኛለሁ።

ጋሼ ይህንን ታሪክ የሰሙት በሁለተኛው ሲቪዬ ጊዜ ነው። ኅዳር 2016። አንድ መሥሪያ ቤት ፈተና አውጥቶ ነበርና ለዚያ ዶክመንት ልሞላ ሄድኩ። መብራት ጠፍቶ ነበር። መብራት እስኪመጣ ሁለታችን ቁጭ አልን። የሥራ ልምዴን እያገላበጡ «ይሄን ያህል ቆይተሽ ለምን ለቀቅሽ?» አሉኝ። ነገርኳቸው።

ጋሼ ድሮ አቃቂ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የታይፕ ጸሐፊ ነበሩ። ፋብሪካው ወደ ግል ሲዞር ሠራተኛ ተቀነሰና እሳቸውም ወጡ። በተሰጣቸው ገንዘብ አሮጌ የጽሕፈት መኪና ገዝተው ፍርድ ቤት ደጃፍ ዣንጥላ ተክለው ማመልከቻ መጻፍ ጀመሩ። ዓመታት እንደዚያ ሠሩ። ይህንን ሲነግሩኝ ዞሮ ዞሮ «ያም ለበጎ ነበር» እንደሚሉ ጠብቄ ነበር። አላሉም።

«ጥሩ ነገር ነበር አልልሽም» አሉ። «ልጆቼ ጾማቸውን ያደሩበት ቀን አለ። እሱን ጥሩ ነው ብዬ እግዚአብሔርን አላሞግሰውም። ግን አልተወኝም። ይሄንን አይቻለሁ።»

እኔ በዚያን ዓመት «ለበጎ ነው» የሚለውን ቃል ከአክስቴ፣ ከጎረቤት፣ ከታክሲ ረዳት ሳይቀር ሰምቼዋለሁ። ቃሉን አልጠላውም። እናቴ አባታችን በሞተ ጊዜ ስትለው ሰምቻለሁ፤ ከእሷ አፍ ሲወጣ ክብደት ነበረው። ገና ሻንጣዬን ሳላወርድ ሲወረወርብኝ ግን «ዝም በይ» የተባልኩ ያህል ነው የሚሰማኝ። ጋሼ ጋ ያረፍኩት ለዚህ ነው። አላስቸኮሉኝም።

ያን ቀን ስለ ዮሴፍም አነሡ። «እኔ ዮሴፍን የምወደው በግብጽ ስለተሾመ አይደለም» አሉ። «የጠጅ አሳላፊውን ‹ስትወጣ አስበኝ፣ ለፈርዖን ንገርልኝ› ብሎ ለመነው። በእግዚአብሔር የሚያምን ሰው ነው፤ ግን ለመነ። መለመኑ ነውር አልሆነበትም። ሰውየው ወጣና ረሳው። ሁለት ዓመት! ዮሴፍ በእነዚያ ሁለት ዓመታት ምን ይሠራ ነበር? እስር ቤቱን ያስተዳድር ነበር። የተሰጠውን ሥራ ይሠራ ነበር።»

መብራት መጣ። ፕሪንተሩ ተንጫጫ። ስልክ ቁጥሬን አነበብኩ።

ፈተናውን ጥሩ ሠራሁ። ታኅሣሥ 19 ቃሊቲ ገብርኤል ሄጄ ተሳልኩ። ይህን ሥራ ካገኘሁ ዣንጥላ አስገባለሁ አልኩ። በጥር ውጤት ተለጠፈ። ስሜን ከላይ ወደ ታች ፈለግሁ፤ ከመስመሩ በታች አገኘሁት። «1ኛ ተጠባባቂ» ይላል። ተጠባባቂ የሆነ ሰው የሚኖረውን ኑሮ የሆነው ብቻ ነው የሚያውቀው። ከላይ ያሉት ሰዎች አንዱ ይቀር ይሆን እያሉ መኖር ነው። የማላውቀው ሰው ሥራውን እንዲተወው እስከ መጸለይ ደርሻለሁ። አንዱም አልቀረም።

ለንስሐ አባቴ ስለ ስለቱ ጠየቅሁ። ሥራውን አላገኘሁም፤ ስለዚህ ዕዳ የለብኝም አይደል? እሳቸው ዕዳው የለብሽም አሉኝ። ቀጥለው ግን «እሱ ጋ የምትሄጂው ዣንጥላ ይዘሽ ለመገበያየት ብቻ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ሐምሌ 19 ላይ ሄድኩ። ለዣንጥላ የሚሆን ገንዘብ የለኝም፤ የሰፈር ሱቆችን ሒሳብ እየሠራሁ ነበር የቤት ኪራይ የምከፍለው። አንድ እስር ጧፍ ገዝቼ ገባሁ። ምንም አልለመንኩም። መጥቻለሁ ብቻ አልኩ።

ሦስተኛውን ሲቪ ዘልዬዋለሁ፤ ለጥሪ እንኳ አልበቃም።

አራተኛው ላይ ግን ልቆይ። ነሐሴ 2016 ነው። በአንድ ሳምንት ሁለት ቦታ ተጠራሁ። አንዱ አዳማ ነው፤ ደመወዙ ደህና፣ ድርጅቱም ትልቅ። ሁለተኛው እዚሁ ኮዬ ፈጬ አጠገብ ያለ የግል ትምህርት ቤት ነው፤ የአዳማውን ግማሽ ትንሽ ነው የሚያልፈው። ከእኔ ጋር የሚኖር ወንድሜ በመስከረም 12ኛ ክፍል ሊገባ ነው። እናትና አባት የሉንም። እኔ ነኝ ያለሁት።

ምልክት ስጠኝ ብዬ ሦስት ቀን ጾምኩ። የፍልሰታ ጾም ውስጥ ስለነበርን ማንም አላወቀብኝም። እስከ ማታ ውኃ ሳልቀምስ እውላለሁ። ምልክት ፍለጋ ሁሉን ነገር አያለሁ። የመጀመሪያው ታክሲ አዳማ አዳማ ብሎ ቢጣራ፣ ይሄ ነው እላለሁ። የፍጥነት መንገዱ መግቢያ ሰፈራችን ስለሆነ ደግሞ አዳማ የሚል ድምፅ በየደቂቃው ይሰማል! በሦስተኛው ቀን ራሴን እያዞረኝ ጋሼ ጋ ሄድኩ። ለሁለቱም ቦታ ዶክመንት ኮፒ ላስደርግ ነው።

«የትኛውን ትይዣለሽ?» አሉ።

«እግዚአብሔር እስኪነግረኝ እየጠበቅኩ ነው።»

«ሒሳቡን ሠርተሻል?»

አልሠራሁም። የሒሳብ ባለሙያ ነኝ፤ የሰው ሱቅ ሒሳብ ስሠራ ሌሊት አመሻለሁ። የራሴን አልነካሁም። ጋሼ ከፕሪንተሩ ሥር ካለው ካርቶን የተበላሸ ወረቀት አወጡ፤ የሆነ ሰው የሥራ ልምድ ቀለሙ የተዝረከረከበት። ገለበጡት። በጀርባው መሀል ለመሀል መስመር አሰመሩ። እርሳሱን ሰጡኝ። «ጸሎት ሒሳብ አያስቀርም» አሉና ሌላ ደንበኛ ሊያስተናግዱ ዞሩ።

ቆሜ ጻፍኩ። አዳማ ብኖር የሁለት ቤት ኪራይ አለ። ብመላለስ መሄጃው ብቻ ወደ 85 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሄዶ መመለስ፣ በየቀኑ። የትራንስፖርቱን በ26 የሥራ ቀን አበዛሁት። ወንድሜ ብቻውን ሲሆን የሚወጣውን ምግብ ጨመርኩ። ቀነስኩ። ልዩነቱ አለ፣ ግን የመሰለኝን ያህል አይደለም። ከሥሩ ደግሞ ቁጥር የማይወጣለት ነገር ቀረ። ወንድሜ ማታ ማንን ይጠብቃል? እሱን በጽሑፍ አሰፈርኩት።

ጋሼ ተመልሰው ወረቀቱን አዩ። ይሄን ያዢ አላሉኝም። «እንግዲህ ይሄንን ይዘሽ ጸልዪ» ነው ያሉት። «ባዶ እጅሽን አትሂጂበት። ከወሰንሽ በኋላ ደግሞ ሳትፈርሚ የትም አትሂጂ።» የሥራ ልምድ ስለማስወጣትም ነገሩኝ። አዋጅ 1156/2011 ላይ ሠራተኛ ሲጠይቅ ወይም ሲለቅ አሠሪው የመስጠት ግዴታ አለበት። ይህንን ለገባ ለወጣው ሁሉ ይናገራሉ።

ያን ማታ ጸለይኩ። ምልክት አልጠየቅኩም። ወረቀቱን ሥዕሉ ሥር አስቀምጬ ያለውን ነገር አንድ በአንድ ነገርኩት። የምፈራውንም ነገርኩት። አዳማን ብተው ሌላ እንዲህ ያለ ዕድል ላይመጣ እንደሚችል ነገርኩት። መልስ የሚመስል ድምፅ አልሰማሁም። እንቅልፍ ግን ወሰደኝ፤ በዚያ ሳምንት የመጀመሪያዬ ነበር። ጠዋት ተነሥቼ ለትምህርት ቤቱ ደወልኩ።

ዛሬም ልክ ነበርኩ ብዬ መማል አልችልም። ክረምት ሲሆን ትምህርት ቤቱ ደመወዝ ያዘገያል። አዳማ የገባችው ልጅ አሁን ሲኒየር ሆናለች፤ ፌስቡክ ላይ ስሟን ሳይ ልቤን ቆንጠጥ ያደርገዋል። ወንድሜ ግን ዓመቱን ሙሉ ማታ ማታ ከእኔ ጋር ራት በላ። ፈተናውን አልፎ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። ባልቀር ኖሮ ያልፍ ነበር ወይ? ሊያልፍ ይችላል። እኔ የማውቀው አብሬው መሆኔን ነው። የቀረውን እግዚአብሔር ጋ ትቼዋለሁ። አንዳንድ ቀን መልሼ አነሣዋለሁ፤ ከዚያ ደግሞ እተወዋለሁ።

ወደ ቤቷ ልመለስ፤ ጉድለቷንም መናገር አለብኝ።

የእንግሊዝኛ ማመልከቻቸው ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ነው። ስምና የሥራ መደብ ብቻ ነው የሚቀየረው። ለግል ድርጅት የምታመለክቱ ከሆነ ራሳችሁ ጽፋችሁ ሂዱ። የአማርኛው ግን እጅ ያስቆረጥማል፤ የፍርድ ቤት ደጃፍ እጅ ነው። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር የላቸውም። በሴሚስተር መጨረሻ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወረቀት ሊያሳትሙ ስለሚመጡ ከሰዓት በኋላ ሰልፉ ደጅ ይደርሳል። ያን ጊዜ በጠዋት ሂዱ። ፕሪንተሩ አንዳንዴ ጠርዝ ላይ ግራጫ መስመር ይጥላል፤ ካሳያችኋቸው ያለ ክፍያ ይደግሙላችኋል። ጉርድ ፎቶ አያነሡም፤ የሚቆርጡት ግን እሳቸው ናቸው፤ ማስመሪያና ምላጭ ይዘው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው። የምትረዳቸው ልጅ ፈጣን ናት፤ ግን እንደሳቸው አታስነብብም። ለዶክመንት ጋሼ እስኪመጡ ብትጠብቁ ይሻላል። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ይከፍታሉ። እሑድ ዝግ ነው።

ሌላ ነገር። አዲስ ተመራቂ ወይም «ዜሮ ዓመት» ከሆናችሁ ከጋሼ ጋር አውሩ። የወጪ መጋራት ሳይከፍሉ ኦሪጅናል ዲግሪ እንደማይወጣ ሳያውቁ ማስታወቂያ ላይ «ኦሪጅናል ይዞ መቅረብ» የሚል ሲያዩ የሚደነግጡ ልጆች አሉ። እሳቸው ጋ ቁጭ ብለው አረጋግተው ይሸኟቸዋል። አንዱን ልጅ «ስንት ቦታ አመለከትክ?» ሲሉት ሰምቻለሁ። «አንድም፤ እግዚአብሔር በጊዜው ይሰጠኛል ብዬ» አለ። ጋሼ አልሳቁበትም፣ አልተቆጡትም። ወንበር ሳቡለትና «ና፣ በጊዜው እንዲያገኝህ ስልክህን እንጻፍለት» አሉት።

አምስተኛውን ሲቪዬን ያሠራሁት ባለፈው ሐሙስ ነው። ወንድሜ ከሄደ በኋላ ሌላ ሥራ ለመሞከር ወሰንኩ። ቦታው ደህና ነው። ለማኅበሩ አልተናገርኩም፤ ለንስሐ አባቴ ግን ነግሬያለሁ። ወረቀቱን ሠርቼ፣ ሁለት ዓምድ አድርጌ፣ ጸልዬበት ነው የሄድኩት። ውል ሳልፈርም ከትምህርት ቤቱ አልንቀሳቀስም።

ጋሼ መነጽር ቀይረዋል። ስክሪኑን አዞሩልኝ። ስሜን አነበብኩ። ስልኬን ቁጥር በቁጥር ጠራሁ። እርሳሱ እስከ መጨረሻው ሳይቆም ሄደ።

ማመልከቻውን ሰኞ አስገባሁ። መልሱ ገና ነው። ትናንት ማታ የማላውቀው ቁጥር ሲደውል ልቤ ዘለለ። ጋሼ ናቸው። ኦሪጅናል ቴምፖዬን ስካነሩ ውስጥ ረስቼው ኖሯል፤ ቁጥሬን ከሲቪዬ ቅጂ ላይ አይተው ነው የደወሉት። ነገ ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት ሄጄ አመጣዋለሁ።